የመረጃ ጎተራው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ቤት ውስጥ የሚቀመጡ የኔትወርክ ማከማቻዎች ከራሳቸው ዋጋ በላይ የሆነ ንብረት ይይዛሉ፤ ጥበቃቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው

ጥር ሲገባ በሐዋሳ የሠርግ ገበያ ይደራል። አዳራሽ አከራዩ፣ ምግብ አቅራቢው፣ ባለመኪናውና አበባ ሻጩ ከዚህ ገበያ የየድርሻቸውን ያነሣሉ። ሙሽሮችና ሚዜዎቻቸው በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል ሲዘዋወሩ ከፊት ከኋላቸው ካሜራ የያዙ ወጣቶች አይጠፉም። በታቦር ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ አካባቢዎች ከመኖሪያ ቤታቸው አንዱን ክፍል ስቱዲዮ አድርገው የሚሠሩት ባለሙያዎች ከሌላው ነጋዴ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ሸቀጣቸው በመደርደሪያ ላይ አይታይም፤ በሚዛንም አይለካም። ሸቀጣቸው መረጃ ነው። የተሰበረ ወንበር በሌላ ወንበር ይተካል። የጠፋ የሠርግ ቪዲዮ ግን ሙሽሮቹ እንደገና ካልተጋቡ በቀር የሚተካ አይደለም።

ጉዳዩ የፎቶና የቪዲዮ ቤቶች ብቻ አይደለም። የነጋዴዎችን መዝገብ በቤቱ ሆኖ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ፣ የደንበኞቹን ውል የሚያስቀምጥ ጠበቃ፣ የሽያጭ ሰነድ የሚይዝ ቡና ላኪ ሁሉ የሥራቸው ፍሬ በዲስክ ላይ ያለ ነው። ፋይሉ ሲበዛ ፍላሽ አይበቃም፤ ከፍላሽ ወደ ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክ፣ ከዚያም በኔትወርክ ወደሚሠራ ማከማቻ ይኬዳል። ይህ መሣሪያ ሥራን ያቀላጥፋል። ይሁንና ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ዕቃ ሁሉ ሁለት ገጽታ አለው። ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ ሊደርስበት የሚችለውን ያህል ሌላውም ሊደርስበት ይችላል።

ዕቃው ምንድን ነው?

በባለሙያዎች ዘንድ «ናስ» በሚል አጭር ስያሜ ይጠራል፤ ከብረቱ ናስ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ስያሜው ከእንግሊዝኛው መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ማከማቻ ማለት ነው። ለቤት የሚሆነው ዓይነት ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ ሣጥን ነው። በውስጡ 1፣ 2፣ 4 ወይም ከዚያ በላይ ሐርድ ዲስኮች ይገባሉ። ከተራው ኤክስተርናል ዲስክ የሚለየው የራሱ አነስተኛ ኮምፒዩተር፣ የራሱ ሶፍትዌርና የራሱ የተጠቃሚዎች መዝገብ ያለው መሆኑ ነው። በኬብል ከቤቱ ሞደም ጋር ሲያያዝ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ፋይል ሊያስቀምጡበትና ሊያወጡበት ይችላሉ። የታይዋኖቹ ሲኖሎጂ፣ ኪውናፕና አሱስቶር፣ እንዲሁም የአሜሪካው ዌስተርን ዲጂታል በዚህ ገበያ የታወቁ ስሞች ናቸው።

«በኢንተርኔት ላይ ቦታ መከራየት እያለ ዕቃ መግዛት ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። በ2 ካሜራ የተቀረጸ አንድ ሠርግ 200 ጊጋባይት ይይዛል ቢባል፣ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያን ሁሉ ለመጫን ያለማቋረጥ 44 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መብራት ወይም መስመር ከተቋረጠ ጊዜው ይረዝማል። ኪራዩም በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብና በየወሩ የሚመላለስ ወጪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑ ይታወሳል። በዶላር የሚከፈል ኪራይ ያለበት ሰው ምንም ተጨማሪ አገልግሎት ሳያገኝ የብር ወጪው በእጥፍ አደገ ማለት ነው።

ከዚህ አንጻር አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ መምረጡ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በኪራዩ ውስጥ የጥበቃው ዋጋ ጭምር ተካቶ እንደነበር ብዙው ገዢ አያስተውልም። ቦታ አከራዩ ድርጅት በሩን ሌት ተቀን የሚጠብቁ ባለሙያዎች ቀጥሮ ያሠራል። ናስ የገዛ ሰው ግን ጎተራውን ብቻ ሳይሆን የዘበኝነቱንም ሥራ አብሮ ተረክቧል።

ሌባው በየት በኩል ይገባል?

የመጀመሪያው በር ኢንተርኔት ነው። ባለቤቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ ቤቱ ያለውን ፋይል ማየት ሲያስፈልገው፣ ወይም ለደንበኛ በቀጥታ ማሳየት ሲፈልግ፣ መሣሪያው ከውጭ እንዲታይ ያደርገዋል። ይህም «ፖርት መክፈት» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ በሩ ባለቤቱ ሳያውቀው ይከፈታል። በብዙ ሞደሞች ላይ «ዩፒኤንፒ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ ሥራውም በቤት ውስጥ ያለ ዕቃ «ክፈትልኝ» ሲለው ምክንያቱን ሳይጠይቅ መክፈት ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ ሌባው ሐዋሳ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። ሾዳንን የመሰሉ የመፈለጊያ አገልግሎቶች ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ ዕቃዎችን እየቃኙ ይመዘግባሉ። አጥቂዎችም የራሳቸውን መቃኛ ሳያቋርጡ ያሠራሉ።

«እኔ ማን ሆኜ ነው የምዘረፈው?» ብሎ መዘናጋት የሚመጣው የዚህን አሠራር ካለማወቅ ነው። በዚህ ዓይነቱ ዝርፊያ ተዘራፊውን የሚመርጠው ሰው አይደለም። መቃኛው በሩ ክፍት የሆነውን ሁሉ እየለቀመ ይሄዳል። ታቦር ይሁን ቶኪዮ ለእርሱ ልዩነት የለውም።

ሁለተኛው በር የግቢው ዋይፋይ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች አንድ የኢንተርኔት መስመር አከራዩንም ተከራዩንም ማገልገሉ የተለመደ ነው። ወጪ መጋራቱ በራሱ ብልህነት ነው። ይሁን እንጂ የዋይፋዩን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ማከማቻው ባለበት ኔትወርክ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የተከራዩ እንግዳ፣ የእንግዳው ስልክ፣ ቫይረስ ያለበት የጎረቤት ላፕቶፕ ሁሉም ከግቢው አጥር በስተውስጥ ናቸው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ለዋይፋይ ቁልፍ የሚሰጠው ስልክ ቁጥሩን ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር የሚቀሩት 8 አኃዞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁጥሮች በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ናቸው። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ምልክት ከአየር ላይ የቀዳ ሰው፣ ለኮምፒዩተር ጨዋታ በሚሸጥ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ 100 ሚሊዮኑንም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሞክሮ ሊጨርስ ይችላል። በ07 የሚጀምሩት ቢጨመሩ ድካሙ እጥፍ ቢሆን ነው።

ሦስተኛው በር ሰው ነው። መሣሪያውን የሚገጥመው ቴክኒሻን ፓስወርዱን ራሱ አውጥቶ፣ ለባለቤቱ በብጣሽ ወረቀት ሰጥቶ፣ አንድ ቅጂ በስልኩ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ቴክኒሻኑ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ቢሰረቅ ግን የሌባው ታማኝነት አይታወቅም። 3 ሠራተኞች በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ፋይል ሲጠፋ ማን እንዳጠፋው የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም። ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ቁልፉን ይዞ እንደሄደ የሚቆጠርበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም የደረሰው

አደጋው በወሬ ደረጃ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 «ሲኖሎከር» የተባለ ፕሮግራም ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ የሲኖሎጂ ማከማቻዎች ውስጥ እየገባ ፋይሎቹን በምሥጢር ኮድ ቆለፈ። ባለቤቶቹ ቁልፉን ለማግኘት 0.6 ቢትኮይን እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ፋይል አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ፕሮግራም «ራንሰምዌር» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የደረሰው ደግሞ ቤዛ እንኳ የማይጠየቅበት ነበር። ማይ ቡክ ላይቭ የተሰኘው የዌስተርን ዲጂታል ማከማቻ ባለቤቶች አንድ ቀን መሣሪያቸውን ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። አጥቂዎች ከሩቅ ሆነው መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ አዘውት ነበር። በምርመራ እንደታወቀው፣ ይህ ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ፓስወርድ እንዲጠየቅ የሚያደርገው የሶፍትዌሩ ክፍል ከሥራ ውጪ ተደርጎ ቆይቷል። ኩባንያው ለዚህ ዕቃ ሶፍትዌር ማደስ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዕቃው ግን በየቤቱ ለ6 ተጨማሪ ዓመታት ያለምንም ምልክት መሥራቱን ቀጥሎ ነበር። ኩባንያው በኋላ መረጃ የጠፋባቸውን ለመርዳትና አሮጌውን ዕቃ በአዲስ ለመለወጥ የሚያስችል ፕሮግራም አውጥቷል።

ከሁሉ ሰፊ መነጋገሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የተጀመረው የ«ዴድቦልት» ጥቃት ነው። ዒላማው ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚታዩ የኪውናፕ ማከማቻዎች ነበሩ፤ በቀጣዩ ወር የአሱስቶር ዕቃዎችም ተመቱ። ከእያንዳንዱ ባለቤት የተጠየቀው 0.03 ቢትኮይን ሲሆን፣ በጊዜው 1,100 ዶላር ገደማ፣ በወቅቱ የባንክ ምንዛሪም ከ50 ሺሕ ብር በላይ ይሆን ነበር። የኔዘርላንድስ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ባለጥቃቶቹን በራሳቸው ዘዴ አታለላቸው። ክፍያ የተፈጸመ አስመስሎ 155 የመክፈቻ ቁልፎችን ከተቀበለ በኋላ ገንዘቡን መልሶ ወሰደ። የታገቱት ዕቃዎች በ10 ሺሕ የሚቆጠሩ በመሆናቸው ግን 155 ቁልፍ ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ ዕድል ነበር።

ለኢትዮጵያዊው ባለንብረት በቤዛ ማምለጥ የባሰ ውስብስብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በቢትኮይንና በመሰል ገንዘቦች መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የታገተበት ሰው ለመክፈል ቢፈልግ እንኳ ሕጋዊ መንገድ የለውም፤ ከፍሎም ቁልፉን ለማግኘቱ ዋስትና የሚሰጠው አይኖርም።

የሳይበር ጥቃት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የባንኮች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታይበት ጊዜም አልፏል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ የተነሣ ጥቃት መክሸፉን ያስታወቀው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም የራሱ ባለሙያዎች አሉት። በታቦር አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ማከማቻ ግን ከባለቤቱ ሌላ ጠባቂ የለውም።

ያለ ወጪ የሚሠሩ ሥራዎች

ደስ የሚለው ዜና፣ ከጥበቃው ሥራ አብዛኛው ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላና ትዕግሥት ነው።

አንደኛ፣ የውጭውን በር መዝጋት። በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ ዩፒኤንፒን ማጥፋትና የተከፈቱ ፖርቶችን መሰረዝ ያስፈልጋል። ከውጭ ሆኖ ፋይል ማየት የግድ ከሆነ አስተማማኙ መንገድ «ቪፒኤን» ነው። ይህ በቤቱና በባለቤቱ ስልክ መካከል የተከለለ መተላለፊያ እንደመሥራት ይቆጠራል። ዋየርጋርድን የመሰሉት የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ቁልፍ ለሌለው አንኳኪ መልስ እንኳ ስለማይሰጡ መቃኛው በዚያ በኩል ቤት መኖሩን አያውቅም።

ሁለተኛ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ። ከፋብሪካ ጋር የመጣውን «አድሚን» የተሰኘ ስም ዘግቶ በሌላ ስም አስተዳዳሪ መፍጠር ይገባል። አጥቂ ስሙን ካወቀ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። ለፓስወርድ ስልክ ቁጥር፣ የልደት ዘመንና የልጅ ስም አይሆኑም። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 4 ቃላትን በዕጣ አውጥቶ መደርደር ይሻላል። ከ5,000 ቃላት መካከል 4ቱ ያለምርጫ ቢወጡ፣ ሊፈጠሩ የሚችሉት ድርድሮች 625 ትሪሊዮን ይሆናሉ። ይህም ከስልክ ቁጥሩ 6 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ቃላቱ በዕጣ ይውጡ እንጂ ከታወቀ ተረትና ምሳሌ አይወሰዱ፤ ተረቱን የሚያውቀው ብዙ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሁለት ደረጃ ያለው ማረጋገጫ። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከፓስወርዱ በተጨማሪ በስልክ ላይ የሚወጣ ተለዋዋጭ ቁጥር ይጠይቃሉ። በሞባይል ገንዘብ ለሚገበያይ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይደለም። እንዲሁም ፓስወርድ ደጋግሞ የሳተን ሰው ለተወሰነ ጊዜ የሚያግድ ማስተካከያ ስላለ ማብራት ይገባል።

አራተኛ፣ ሶፍትዌሩን ማደስ። ከላይ የተጠቀሱት ጥቃቶች ሁሉ የገቡት በሶፍትዌር ጉድለት ነው። መሣሪያው ራሱን እንዲያድስ ማዘዝ ይቻላል። ዳታ ለመቆጠብ ተብሎ እድሳቱን መዝጋት ጥቂት ብር አድኖ ብዙ የሚያሳጣ ቁጠባ ነው።

አምስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መግቢያ መስጠት። ቪዲዮ የሚያቀናብረው ሠራተኛ የሒሳብ ፋይሉን ማየት አያስፈልገውም። ማየት ብቻ የሚበቃው ሰው የመሰረዝ ሥልጣን አይሰጠውም። ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋል። ቴክኒሻን ሲሰናበትም ፓስወርድ ይለወጣል። ይህ ሰውን መጠርጠር ሳይሆን ለሁለቱም ወገን ንጽሕና የሚበጅ አሠራር ነው።

ስድስተኛ፣ ዋይፋዩን መክፈል። ሞደሙ «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚፈቅድ ከሆነ ተከራዮችና እንግዶች በዚያ እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል። ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ ማከማቻውን ግን አያዩትም። በአንድ ቁልፍ መጫን የሚያገናኘውን «ደብልዩፒኤስ» ማጥፋትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ሰባተኛ፣ የማይሠራበትን አገልግሎት መዝጋት። ቴልኔት፣ ኤፍቲፒና የመጀመሪያው የኤስኤምቢ ስሪት ጊዜ ያለፈባቸው መተላለፊያዎች ናቸው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ራንሰምዌር ዓለምን ለማዳረስ የተጠቀመበት መንገድ ነው።

ሁለት ዲስክ ሁለት ቅጂ አይደለም

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው «ሬድ» የሚባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር በሣጥኑ ውስጥ ያሉት 2 ዲስኮች አንዱን ፋይል እኩል ይይዛሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ግን ፋይል ሲሰረዝ ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ራንሰምዌር ሲቆልፍም ሁለቱን ይቆልፋል። ሣጥኑ ቢሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሬድ ከዲስክ ብልሽት ያድናል እንጂ ከሌባ አያድንም።

ለዚህ መፍትሔው «3-2-1» በሚል የሚታወቀው ደንብ ነው። ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ መሆኑ ለፎቶ ቤቶች ቅርብ ያደርገዋል። ደንቡም ከፋይሉ 3 ቅጂ ይኑር፣ በ2 የተለያዩ ማከማቻዎች ይቀመጥ፣ ከእነርሱም 1 ከቤት ውጪ ይደር የሚል ነው። በተግባር ሲታይ 2 ኤክስተርናል ዲስኮችን በየሳምንቱ እያፈራረቁ መጠቀም ይበቃል። አንደኛው ቤት ሲገለብጥ ሌላው በዘመድ ቤት ወይም በቢሮ ይቆያል። ዋናው ነጥብ ግልባጩ ሲያበቃ ዲስኩ ከመሣሪያው መነቀሉ ነው። ያልተሰካ ዲስክ ማንም አጥቂ በኢንተርኔት ሊደርስበት አይችልም። በየጊዜውም ከቅጂው አንድ ሁለት ፋይል ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ሳይሞከር የተቀመጠ ቅጂ በችግር ቀን ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ሣጥኑ ራሱ በአንድ እጅ የሚነሣ ዕቃ መሆኑም አይዘነጋ። ዲስኩ በምሥጢር ኮድ እንዲጻፍ ከታዘዘ፣ ዕቃውን የወሰደ ሌባ ብረቱን እንጂ የደንበኞችን ፎቶና ውል አያገኝም። ነገር ግን የኮዱ ቁልፍ ከጠፋ ባለቤቱም እንደ ሌባው ከውጭ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ከቤት ውጪ በታመነ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ዲስክ እንዳይጎዳ አነስተኛ ዩፒኤስ ማያያዝም የጥበቃው አካል ነው።

«ይህ ሁሉ ወጪ ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ባለቤቱ ራሱ ሊያሰላ ይችላል። ፋይሉ ቢጠፋ ለደንበኞች የሚመለሰው ክፍያና የሚቀረው ሥራ 300 ሺሕ ብር ነው፤ ይህ በአንድ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉም ከ50 አንድ ነው ብሎ ቢገምት፣ አደጋው በዓመት 6 ሺሕ ብር ያስወጣዋል ማለት ነው። ለ3 ዓመት የሚያገለግሉ 2 ዲስኮች ከ18 ሺሕ ብር በታች ከተገኙና አደጋውን ካስወገዱለት ግዢው አትራፊ ነው። ግምቱን እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር መለወጥ ይችላል። በዚህ ስሌት ውስጥ ያልገባው የስም መጥፋት ነው። የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ ያጠፋ ስቱዲዮ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ሠርግ ቤት ይደርሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደለት ውጪ ሆን ብሎ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ኔትወርክ የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺሕ እስከ 50 ሺሕ ብር መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። «ከተፈቀደለት ውጪ» የሚለው ሐረግ ሊጤን ይገባል። ፓስወርዱን በሥራው ምክንያት ያወቀ ቴክኒሻን ወይም ሠራተኛም ከፈቃዱ ካለፈ በሕጉ ይያዛል።

በሌላ በኩል ባለማከማቻውም ግዴታ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ ለሥራው የሚይዝ አካል መረጃውን እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኞቹን መታወቂያ፣ የገቢ ሰነድ ወይም የሕክምና ውጤት በቤቱ ማከማቻ የሚያስቀምጥ ባለሙያ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ንብረት ይዟል።

ጥቃት መድረሱ ከታወቀ መጀመሪያ የሚደረገው የኔትወርክ ኬብሉን መንቀል ነው። ከዚያ በስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት ፎቶ ማንሣት፣ መሣሪያውን ፎርማት ከማድረግ መቆጠብና ለፖሊስ ማመልከት ይከተላል። ለአንዳንድ ራንሰምዌሮች መክፈቻ ዘግይቶ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ በንዴት የተፎረመተ ዲስክ ግን ያን ዕድል ያጣል።

ገዢ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ሻጭና ገዢ ስለ አንድ ዕቃ እኩል ዕውቀት በሌላቸው ገበያ ኪሳራው የሚያርፈው በማያውቀው ላይ ነው። በማከማቻ ገበያም የሚነገረው ስለ ቴራባይቱና ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ፋብሪካው ሶፍትዌሩን እስከ መቼ እንደሚያድስ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በአሮጌ የዲሊንክ ማከማቻዎች ላይ ከባድ ጉድለት ሲገኝ ኩባንያው የሰጠው መልስ ዕቃዎቹ ጊዜያቸው ስላለፈ አይታደሱም፤ ባለቤቶቹ ይተኳቸው የሚል ነበር። በወቅቱ ከኢንተርኔት የሚታዩት እነዚህ ዕቃዎች ከ92 ሺሕ በላይ መሆናቸው ተዘግቧል።

በመሆኑም በተለይ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የሞዴሉን ስም በፋብሪካው ዝርዝር ውስጥ ማየት ይኖርበታል። እድሳቱ የቆመበት ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ከኢንተርኔት ጋር ሊያያዝ አይገባም። ቀጥሎ የሚጠየቀው ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለው ወይ፣ የፋይሎችን የቀድሞ ሁኔታ በየቀኑ መዝግቦ የሚያስቀምጠው «ስናፕሾት» አለው ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ለቴክኒሻኑ ነው። ገጠማው ሲያልቅ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ባለቤቱ ራሱ፣ በራሱ ጣት፣ ቴክኒሻኑ ሳያይ እንዲለውጥ በቅድሚያ መስማማት ያስፈልጋል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይከፋም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በዚህ ገበያ የመጠርጠሩ ዋጋ አንድ ከሰዓት በኋላና 2 ዲስክ ነው፤ የመመንጠሩን ዋጋ ግን የሚወስነው ባለንብረቱ ሳይሆን ዘራፊው ነው።